ገመዱን ያሰፋሁበት ዓርብ

ጠፍቼ አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ጠፍቻለሁ። ለሰባት ዓመት ፖስታ ባደልኩበት ሰፈር ውስጥ ጠፍቻለሁ። ከአንድ ዳቦ ቤት ወጥቼ፣ ዞሬ ዞሬ እዚያው ዳቦ ቤት ተመልሼ ገብቻለሁ። ሻጯ «የረሳሽው ነገር አለ?» ስትለኝ «አይ፣ አንድ ልጨምር ብዬ ነው» ብዬ የማልፈልገውን ሁለተኛ ዳቦ ገዝቻለሁ። ይህን የምናገረው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። እንዲያውም የሚያዝንልኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ከመታመሜ በፊት ባልደረቦቼ «ኮምፓስ» ነበር የሚሉኝ። ቁጥር የሌለው ቤት፣ አድራሻው በዝናብ የታጠበ ደብዳቤ፣ ሦስት ጊዜ ሰፈር የቀየረ ሰው ሲገጥማቸው «ለኮምፓስ ስጧት» ይባላል። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ሐኪሞቹ አንጎል ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው አሉ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ስሜን አውቃለሁ፣ ወንድሜን አውቃለሁ፣ መንገዶቹንም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ግን ጠፋብኝ። የትናንቱም ነገር እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ አንዳንዱን ደግሞ ሆኖ ነው ወይስ አስቤው ነው እያልኩ እንገላታለሁ።

እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ፋርማሲስት ነው፤ በዕድሜው ሙሉ አንዲት ክኒን እንኳ ያለ ጽሑፍ አስቀምጦ አያውቅም። ከሆስፒታል ስወጣ የተከራየሁትን ክፍል ዘጋና ወደ ቤቱ ወሰደኝ። አንድ ቀን ሾልኬ ወጣሁና ዝናብ ላይ ጠፋሁ። ጋሼ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲፈልገኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በተጨቃጨቅን ቁጥር ያቺን አምስት ሰዓት ያወጣታል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

በመጨረሻ ተስማማን። በሆስፒታሉ የአንጎል ጥናት ክፍል ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የሚካፈሉበት የስድስት ሳምንት ጥናት ነበር። ሲያልቅ ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ወረቀት ትጽፍልኛለች። ወረቀቱ ብቻዋን መኖር ትችላለች ካለ ወደ ክፍሌና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አትችልም ካለ ከጋሼ ቤት ንቅንቅ አልልም። ተጨባበጥን።

የመጀመሪያው ቀን ጋሼ መኪናውን ሊያቆም ሲሄድ «እዚሁ በሩ ጋ ጠብቂኝ፣ ሚጡ» አለኝ። ጠብቂኝ ስባል እግሬን ያሳክከኛል። ገባሁ። ኮሪደሩ ሁለት ቦታ ተከፈለብኝ፤ ደረጃ ወረድኩ፤ ያገኘሁትን በር ስከፍት የእንጨት ሽታ ተቀበለኝ። አንድ ረጅም ሰው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ በመላጊያ ሳንቃ ያለሰልሳል።

«አልጠፋሁም» አልኩት፣ ገና አፉን ሳይከፍት።

«እኔም» አለ። «እዚህ ነው የምሠራው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። መላጊያውን አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የአንጎል ጥናት ክፍሉን ነው? ልውሰድዎት ወይስ ልንገርዎት?»

ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ክንዴን ይዞ ነው የሚጎትተኝ። ዓይኑን አየሁት፤ እያሾፈ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም።

«ንገረኝ። አንቱታውን ደግሞ ተወው፤ ጠፋሁ እንጂ አላረጀሁም።»

«አልጠፋሁም አላልሽም እንዴ?»

ጉድ ሆንኩ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩና ሁለታችንም አብረን ሳቅን። ደረጃውን ወጥቼ በግራ በኩል ሦስተኛውን በር እንዳንኳኳ ነገረኝ። መጀመሪያ በቀኝ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደረስኩ። ስደርስ እሱ በሌላ ደረጃ ወጥቶ፣ ሳንቃ ታቅፎ፣ ምንም የማያውቅ መስሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጋሼ ከታች «ሚጡ! ሚጡ!» እያለ ሕንፃውን ያናውጠዋል።

ክፍሉ ክብ ነበር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በግራጫ ሸራ የተሸፈነ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮት የሌለው። አንድ ነገር ብቻ ዓይን ይይዛል፤ ሰማያዊ በር። የሚከፈት በር አይደለም። ታች ያገኘሁት አናጢ የሠራው፣ በመንኮራኩር የሚንቀሳቀስ፣ በር የተገጠመለት አጭር ግድግዳ ነው።

ዶክተሯ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

«አራት ሳምንት ማክሰኞና ዓርብ ትመጫለሽ። በርጩማ በአምስት ቦታ እያስቀመጥኩ አሳይሻለሁ፤ ከሰማያዊው በር አንጻር የት እንዳለ ትይዣለሽ። በሁለቱ የመጨረሻ ሳምንታት በርጩማ የለም። መብራት ይጠፋል፣ መሀሉ ላይ ባለው የሚሽከረከር ወንበር ትዞሪያለሽ፣ መብራት ይበራል። በርጩማው ነበረ ወደምትይው ቦታ ሄደሽ ይህችን ነጭ ክዳን ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ዙሪያውን በገመድ ትከቢዋለሽ።»

«ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ለጥርጣሬሽ። እርግጠኛ ከሆንሽ ታጠቢዋለሽ፤ ካልሆንሽ ታሰፊዋለሽ። ትክክለኛው ቦታ ገመዱ ውስጥ ከገባ ነጥብ አለሽ። ገመዱ በጠበበ ቁጥር ነጥቡ ይበዛል። ቦታው ከገመዱ ውጭ ከቀረ ግን ባዶ ነው።»

«ሁልጊዜ አስፍቼ ባስቀምጠውስ?»

«ሁልጊዜ ትንሽ ነጥብ ታገኛለሽ። መዋሸት በየትኛውም በኩል አያዋጣም።» ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ለሰለሰ። «አንጎላችን ውስጥ ለየቦታው የሚነቁ ሴሎች አሉ። አንዱ እዚህ ስትቆሚ፣ ሌላው እዚያ ስትቆሚ ይነቃል። ቦታውን እንደሚይዙ እናውቃለን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ ‹እዚህ ነው› ከሚለው ጋር ‹ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ› የሚለውንም አብረው ይይዙታል ወይ?»

ወደድኩት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የማውቀውን ነው፤ አለማወቄን ምን ያህል እንደማውቀው የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ጋሼ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጠበቀ፣ አራት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አናጢው በርጩማውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ግድግዳውን ይገፋል። ሲገፋው ከበሩ በላይ ዓይኑና ግንባሩ ብቻ ይታየኛል። መጀመሪያ በርጩማውን ነበር የማየው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ግን ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ እኔም እሱም አውቀናል፤ ዶክተሯ ብቻ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ አታየንም። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ያንን ሩብ ሰዓት የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው።

«ፖስተኛዋ፣ ዛሬ በየትኛው ደረጃ መጣሽ?» ይለኛል።

«በሁሉም።»

ስለ ትኩሳቱ ነገርኩት። እሱም አንድ ጆሮው በመጋዝ ድምፅ መድከሙን፣ ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን የሚያየው ለዚህ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ከንፈሬን የሚያየው ለሌላ ነገር መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሽኮረመም ከርሜያለሁ። ይህን ስነግረው እርሳሱ ከጆሮው ወደቀ።

«ለሌላም ነገር ነው» አለ፣ እርሳሱን ለማንሳት ጎንበስ እንዳለ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ።

«ይህ ወለል ያሳብቃል» አልኩት።

«ምን ብሎ?»

«ከበሩ አራት እርምጃ ላይ ሲጢጥ ይላል። ዓይኔን ብጨፍን እንኳ የት እንዳለሁ ይነግረኛል።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አትጠቀሚበትም?»

«በወለል ርዳታ ማለፍ አልፈልግም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ያን ዕለት ለዶክተሯ ነገራት። እሷም ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ሲጢጥ የሚሉት ሳንቃዎች በሙሉ ተነስተው በአዲስ እንዲተኩ አዘዘች።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ከመለያየታችን በፊት፣ ስለ ቤቱ አወራኝ። ሁለት ክፍል እንደሆነች፣ በሩንም መስኮቱንም ራሱ እንደሠራ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። «ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ዶክተሯ ጠራችኝና ሳልመልስለት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ግን ነገሩ ተንሸራተተብኝ። ቤቱን እንደነገረኝ አልጠራጠርም። ድምፁንም እሰማዋለሁ። ያቺ አንዲት ቃል ግን ከእሱ አፍ ወጣች ወይስ ልቤ ጨመረላት? ከአራት ሦስት እጅ ብሏል፤ አንድ እጁ አላለም ይላል። ያልጠየቀኝን ብመልስለት መሳቂያ እሆናለሁ። ጠይቆኝ ከሆነ ‹ጠይቀኸኛል ወይ?› ብለው ደግሞ ልቡን እሰብረዋለሁ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ዓይኖቻችን ሲገጣጠሙ ሁለታችንም ወደ ወለሉ አየን።

ወለሉ አዲስ ነበር። ትንፍሽ አይልም።

ፈተናው ተጀመረ። መብራት ጠፋ፣ ዞርኩ፣ መብራት በራ። በሩ እንደተለመደው ቆሟል። ወደ መጀመሪያው ቦታ ስሄድ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። በሩ «እዚህ ነው» ይላል። እግሬ ደግሞ ከወንበሩ የቆጠረውን ይዞ «አይ፣ ወዲያ ነው» ይላል። ኮምፓስ በነበርኩበት ዘመን ቢሆን በሩን አምኜ ክዳኑን አስቀምጥ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ አምኜ አልሄድም፤ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ሁለቱ ስላልተስማሙልኝ ክዳኑን በሁለቱ መሀል አስቀመጥኩና ገመዱን አሰፋሁት። ቀጥሎም አሰፋሁት። ዓርብ ዕለት ገመዱን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት።

«ዶክተር» አልኳት፣ «በሩ ይዋሻል።»

«እንዴት ማለት?»

«በቦታው አይደለም።»

አናጢው ያን ጊዜ ውጭ ነበር። ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ያወቅሁት በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን ስታነብልን ነው።

«ስህተቱ ጨምሯል፤ ገመዱም በጣም ሰፍቷል። ታካሚዋ ክፍሉን ራሱን መጠራጠር ጀምራለች። ብቻዋን እንድትኖር አልመክርም።»

ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ደስ አላለውም፤ እሱን አልዋሽበትም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ግን የተናገረው ነገር ከወረቀቱ ይልቅ ጎዳኝ።

«አናጢውንም እርሺው። እንዴት እንደምትተያዩ ዕውር አይደለሁም።»

«እወደዋለሁ፣ ጋሼ።»

«በምን ታውቂያለሽ?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እውነቴን ነው የምልሽ፤ በምን ታውቂያለሽ? ያላለሽን አለኝ ትያለሽ፣ ያለሽን ትረሺያለሽ። በዚህ ላይ ነው ትዳር የሚቆመው?»

ያቺን የተንሸራተተችብኝን ቃል አልነገርኩትም። ዘጠኝ ቀን ከጋሼ ቤት አልወጣሁም። ተጨባብጠናል። ቃል ቃል ነው አልኩና ተቀመጥኩ፤ ግን እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ከፈተ። አናጢው አንድ ረጅም ሳንቃ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ በሌላ እጁ ፖስታ ይዞ ቆሟል።

«ቤት ተሳስተሃል፣ እንጨት አላዘዝንም» አለ ጋሼ፤ ማንነቱን እያወቀ።

«አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩትን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ገለል አለ። አናጢው ሳንቃውን ሳሎኑ መሀል አጋደመውና አጠገቡ ተንበረከከ። እኔን ገና አላየኝም፤ መጀመሪያ ጣቱን እንጨቱ ላይ አሳረፈ።

«ግድግዳው የሚቆምበትን ቦታ የማውቀው በዚህች ምስማር ነው። ከሳንቃው ጫፍ አንድ ክንድ ገባ ብላ ተመታለች። ሲጢጥ የሚሉትን ስነቅል ይህኛው ደህና ስለነበር መልሼ መታሁት። ስመልሰው ግን ዞሮብኛል። ወዲያ የነበረው ጫፍ ወዲህ መጣ፤ ምስማሯም አብራ መጣች። እኔ ምስማሯን አየሁና ግድግዳውን እሷ ላይ አቆምኩ። ሁለት እርምጃ ሙሉ ከቦታው ውጭ።» ትንፋሹን ዋጠ። «ጥናቱ አልቆ ስነቅል ነው ያየሁት። ሳንቃ ገልብጦ መምታት የጀማሪ ስህተት ነው። ይኸው፣ የእኔ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ምስማሯን አየኋት።

«በሩ ይዋሽ ነበር» አልኩ።

«ይዋሽ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ ያወቅሽበት።» አሁን አየኝ። «ያን ቀን አልነበርኩም። ብኖር ኖሮ ወዲያው ሜትር አወጣ ነበር።»

ስህተቱን ባየበት ቀን ለዶክተሯ ነግሯታል። የዶክተሯ የሁለት ሳምንት ልፋት አፈር በላ፤ ተቆጥታ መሣሪያህን ሰብስብ አለችው። ግን ሐቀኛ ሴት ናት። ቁጭ ብላ እንደገና ደመረችው። አዲሱ ወለል ላይ የተፈተኑት ሌሎች ሰዎች፣ ጤነኞቹ ጭምር፣ በሩን አምነው፣ ገመዱን አጥብበው፣ ሁሉም ባዶ አግኝተዋል። የእኔ ገመድ ግን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ትክክለኛውን ቦታ ውስጡ ይዞት ነበር።

ጋሼ ፖስታውን ቀደደው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«‹ከጤነኛ ሰው ይልቅ ትሳሳታለች። የምትሳሳትበትን መጠን ግን በትክክል ታውቃለች። ብቻዋን መኖር ትችላለች ወይም አትችልም የሚለውን በዚህ ጥናት መወሰን አይቻልም። የቀድሞውን ወረቀት ሽሬያለሁ።›» ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ምንም የለም። «አልፈቀደችም» አለ።

«አልከለከለችምም» አለ አናጢው።

ሁለቱ ወንዶች እኔን አልፈው ተፋጠጡ። ያኔ ነው የተነሳሁት።

«ወረቀቱን ተዉት» አልኩ። «ወረቀት ቢፈቅድም እጠፋለሁ፤ ቢከለክልም እጠፋለሁ። ጋሼ፣ ያቺን አምስት ሰዓት ዛሬ እኔ ላውጣት። አንተ የት ነበር የፈለግኸኝ?»

«ገበያው ጋ። ሌላ የት ትሄጃለሽ?»

«እርግጠኛ ነበርክ። አምስት ሰዓት ሙሉ ገበያውን ስትዞር አንዴም ወዲያ ማዶ አልተሻገርክም። እኔ መጥፋቴን ያወቅሁ ዕለት፣ ያወቅሁ ሰዓት፣ የአውቶቡስ መጠለያ ሥር ገብቼ ቁጭ አልኩ። ለመጣው ሰው ሁሉ የወንድሜ ፋርማሲ የት ነው እያልኩ ጠየቅሁ። ያገኘኸኝ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ ፋርማሲው ድረስ ሄጄ የጠበቅሁህ። ረስተኸዋል?»

ጋሼ ረስቶት ነበር። በእሱ ትዝታ ውስጥ ያገኘኝ እሱ ነበር።

«በምን ታውቂያለሽ ብለህኛል። ላሳይህ።» ወደ አናጢው ዞርኩ። «አንተ። ያን ዓርብ ስለ ቤትህ ስትነግረኝ ታገቢኛለሽ ብለኸኛል። ከአራት ሦስት እጅ እርግጠኛ ነኝ። ብለህ ነበር?»

ከንፈሬን ነበር የሚያየው፤ ከዚያ ዓይኔን።

«አላልኩሽም» አለ።

ጋሼ ፊቱን አዞረ፤ ማዘኑ ነበር።

«ሁለት ክፍል ለአንድ ሰው ይሰፋል ነው ያልኩሽ» አለ አናጢው ፈጠን ብሎ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። «ልጠይቅሽ ነበር። ሳምንት ሙሉ ሳንቃ እየላግሁ ስለማመደው ነበር። አፌ ላይ ደርሳ ወኔ አጣሁ። አንጎልሽ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነው።»

«እንግዲያው ያቺ አንድ እጅ ትክክል ነበረች» አልኩ። እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። «ጋሼ፣ አየህ? ልሳሳት እንደምችል አውቄ ነው የጠየቅሁት፤ ተሳሳትኩ፤ ይኸው ቆሜያለሁ፣ አልሞትኩም። አንተ ሳትጠይቅ ቀርተሃል፤ እኔ ልጠይቅ። ታገባኛለህ?»

«አገባሻለሁ» አለ። ሳንቃው አጠገብ ገና እንደተንበረከከ ነበር። «ደግሞ ብትረሺ ብትረሺ ይህን ነገር በየጠዋቱ ጠይቂኝ፤ በየጠዋቱ እመልሳለሁ።»

ጋሼ ድንገት ጮኸ። ጋሼ በቁጣ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«ቀልድ ነው የያዛችሁት! እሱን የምትረሺበት ቀን ቢመጣስ? መንገድ ላይ መኪና ቢገጭሽስ? እኔ ያለሁሽ አንድ፣ አንቺም ያለሽኝ አንድ! ከአባዬ በኋላ፣ ከእማዬ በኋላ…» መጨረስ አቃተው።

አንጀቴን በላው። ሄጄ አቀፍኩት። ያቺ ብረት የመሰለች ቁጣው ትከሻዬ ላይ ተሰበረች። እቅፍ አድርጌው ግን ቃሌን አልቀየርኩም።

«ያን ቀን አላውቀውም፤ እንደማላውቀው አውቃለሁ» አልኩት ጆሮው ሥር። «አንተም አታውቀውም፤ ልዩነታችን አንተ የምታውቀው መምሰልህ ነው። ነገ ጠዋት ወደ እሱ ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን። ብቻዬን ነው የምሄደው። አንተ አታደርሰኝም፤ እሱም አይቀበለኝም።»

«ሚጡ…»

«ፍንክች አልልም።»

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ደህና ሁኚ አላለኝም፤ ክፍሉን ዘግቶ ነበር። ሆድ ባሰኝ፤ ግን ሄድኩ። ወደ አናጢው ቤት ለሚያውቅ ሰው የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው አደባባይ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ አንድ ጥግ ቀድሜ ታጠፍኩ። ሱቆቹ የማውቃቸው ይመስላሉ፤ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ አብረው ግን አልቆም አሉኝ። ድሮ ብሆን «ልክ ነኝ» ብዬ እገፋበት ነበር። ቆምኩ። እስከምን ድረስ እርግጠኛ ነኝ? እስከ አደባባዩ። እስከ አደባባዩ ተመለስኩ። አንዲት ቲኬት ቆራጭ ጠየቅሁ፤ አሳየችኝ። ድልድዩን ከተሻገርኩ በኋላ ደግሞ ተሳሳትኩ፤ አንድ ዙር ዞሬ የልብስ ስፌት ቤቱ ፊት ሁለቴ ስገኝ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከመርፌው አነሳና «ሻንጣው አልከበደሽም?» አለኝ። ከብዶኛል አልኩት። ቁጭ ብዬ አረፍኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ፤ ተነሳሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልክድም። እየፈራሁ ሄድኩ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደረስኩ። አናጢው በሩ ላይ ቆሟል። ሊቀበለኝ ላለመምጣት የበሩን ማጠፊያ ይዞ ነበር፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።

«መጣሽ» አለ። ሌላ አልቻለም። ሻንጣዬን አስቀመጥኩና ግንባሬን ደረቱ ላይ ጣልኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ፤ ማንም ማንንም አላባበለም።

ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ጋሼን አየሁት። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጫማው አቧራ ለብሷል። ከፋርማሲው ውጭ ያንን ጋዋን ለብሶ ሳየው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደሜ ፈላ።

«ተከተልከኝ!»

«ተከተልኩሽ» አለ፣ እየተሻገረ። «ከበር ጀምሮ።»

«ምንም አላልክም።»

«ሁለት ጊዜ ተሳሳትሽ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ልጠራሽ ስል ራስሽ ትቆሚያለሽ። ልይዝሽ ስል ራስሽ ትመለሻለሽ። የልብስ ሰፊው ጋ ስትቀመጪ እኔም ከግንቡ ጀርባ ተቀመጥኩ። ብዙ ዓመት የማውቅሽ መስሎኝ ነበር፣ ሚጡ። አላውቅሽም ነበር።»

ጋሼ የአናጢውን በር አየው፤ ማጠፊያውን ነካ፤ ከዚያ ወደ አናጢው ዞረ። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ መድኃኒት ለደንበኛ ሲያስረዳ የሚናገርበት ድምፅ።

«ለፊርማው ምስክር ስንት ነው የሚጠይቁት?»

«ከየወገን ሁለት፣ ሁለት ነው» አለ አናጢው።

«በእሷ ወገን አንዱ እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «ሁለተኛዋን ልሂድና ከፖስታ ቤት ባልደረቦችሽ ላምጣ።»

«አንተ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል» አልኩት። «እኔ ሄጄ አመጣታለሁ። ማንም እንዳይከተለኝ።»